የፀበሉን ጠርሙስ የወተፈው ወረቀት

ገበዝ ማርያም፣ የካቲት 9 ቀን 2005 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ትሕትና፣

ይህን ደብዳቤ ስታዪ «ማን ጻፈላት?» እንዳትዪ። ማንም አልጻፈልኝም። መስመሩ እየወጣ እየወረደ የሚያስቸግርሽ የእኔው እጅ ስለሆነ ነው። ውዳሴ እንኳ አላየችውም፤ ትምህርት ቤት ናት። ሁለታችንም ደኅና ነን፤ ላሟም ወልዳለች። አንቺና ገነነ፣ ፈረስ ቤት ያሉት ልጆችሽም፣ እንዴት ከርማችኋል?

ማንበብ መጀመሬን በወሬ ሰምተሻል፤ ከምን እንደጀመርኩ ግን አልነገርኩሽም። አባትሽ ባረፈ በዓመቱ «ብቻዎን አይሁኑ» ብለሽ ልጅሽን ውዳሴን ስትልኪልኝ፣ እሷ ፊደሏን ስትቆጥር እኔ እንዝርቴን እያሾርኩ ከሥር ከሥር እል ነበር። መጽሐፌ ግድግዳው ነው። ጭቃው እንዳይረግፍ ጋዜጣ ለጥፌበት የለ? ለካ ግማሹን ዘቅዝቄ ለጥፌው ኖሯል! አንገቴን አጣምሜ ሳነብ ውዳሴ ታየኝና፣ «እማማ፣ ቀና ብሎ የተለጠፈም አለ እኮ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በእረፍቱ ሳምንት ትምህርት ቤቱ ሃያ አራት ልጆች መርጦ ለአራት ቀን ካምፕ ፍኖተ ሰላም ወሰዳቸው። ውዳሴ ተመረጠች። ከሴቶቹ ልጆች ጋር የምታድር እናት ሲፈለግ መምህር ይታገሱ «እማማ ሀብትነሽ ይሂዱልን» አሉ። የፈቃዱን ወረቀት ይዘው ሲመጡ ለአውራ ጣቴ የቀለሙን ሳጥን ከፈቱልኝ።

«እስክሪብቶውን ስጡኝ» አልኳቸው።

ሳጥኑን ቀስ ብለው ዘጉት።

ያደርነው አንድ ክፍል ውስጥ ዴስኮቹን ወደ ጥግ ገፍተን፣ ሰሌን አንጥፈን ነው። በማግስቱ መምህሩ ልጆቹን በቡድን ከፋፈሏቸውና «ከተማዋን በእግራችሁ አዳርሱ፤ በየደረሳችሁበት ሰው ጠይቁ፤ ካርታዋን ሥላችሁ ኑ» አሏቸው። እኔ ከእነ ውዳሴ ጋር ወጣሁ። ከመናኸሪያው ወደ እህል በረንዳው ስንሻገር አንድ ባለ ባጃጅ አጠገባችን ቆመ።

«እማማ፣ ጠፋችሁ እንዴ? ግቡ ላድርሳችሁ!»

«አልጠፋንም» አለች ውዳሴ ከወረቀቷ ቀና ሳትል። «ከተማዋን እየሣልናት ነው።»

«እኔንም ጨምሪኛ!»

«ዝም ብለህ ከቆምክ።»

ልጄ፣ የአንቺ ምላስ ነው! ባለ ባጃጁ እየሳቀ ጥሩምባውን ነፍቶላት ሄደ።

ትንሽ እንደሄድን ክንፈሚካኤል የሚባለው የቡድኑ ልጅ አንድ ግቢ አሳየን። «ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ሲገባ አይቻለሁ። ጤና ጣቢያው ይኼ ነው» አለ። ውዳሴ በካርታው ላይ ጤና ጣቢያ ብላ ልትጽፍ ስትል፣ ከዋንዛው ቅርንጫፍ ጀርባ ሰሌዳ አየሁ። ቅርንጫፉን በዘንጌ ገፋ አደረግኩና ቀስ እያልኩ አነበብኩት፤ «የእን-ስ-ሳት ክሊኒክ።»

ልጆቹ ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩት። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። «እማማ ባይኖሩ በሽተኛውን ከበሬ ጋር ልናሰልፈው ነበር!» አለ ክንፈሚካኤል። ከዚያ ወዲያ ሰሌዳ ባገኙ ቁጥር «እማማ ያንብቡልን» ሆነ። ማንበብ አቅቷቸው አይደለም፤ እኔን ደስ ሊያሰኙ ነው።

በመጨረሻው ቀን ካርታዎቹ ተሰቀሉ። ውዳሴ ከመምህራኑና ከከተማው ልጆች ፊት ቆማ፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ እህሉ ከየት ገብቶ ወዴት እንደሚጫን ሳትንተባተብ ተናገረች። በካርታው ግርጌ የቡድኑን ስም ስታነብ መጨረሻ ላይ «ሰሌዳ አንባቢ፣ እማማ ሀብትነሽ» አለች። ስሜ ተጽፎ የማውቀው በእድር መዝገብ ብቻ ነበር። ቀና ብዬ ቆምኩ። ነጠላዬን እንኳ ወደ ፊቴ አልሳብኩም።

ከዚያ ካርታውን ጠቅልላ ወደ እኔ መጣች። «ይኼ ለእናቴ ነው። ያኔ ወረቀቷን አይጥ ባይበላባት እኮ እሷም ትሥል ነበር!» ብላ ሳቀች። የአይጡን ነገር እየሳቅሽ ለልጆችሽ እንደምትነግሪያቸው ያን ጊዜ አወቅኩ።

ልጄ፣ አይጥ አልበላውም።

ያኔ በ1989 ዓ.ም. ስድስተኛ ክፍል ሳለሽ፣ እንደ ውዳሴ ፍኖተ ሰላም ለካምፕ ተመርጠሽ ያንን የፈቃድ ወረቀት ስታመጪ፣ አባትሽ «ትሂድ» ብሎ ነበር። እኔ ግን ለእነ ገነነ ቤት ልድርሽ ቃል ሰጥቼ ነበር። «ከተማ አድራ መጣች» ብለው እንዳይተዉሽ ፈራሁ። ወረቀቱን ጠቅልዬ ምሰሶው ላይ የሚሰቀለውን የፀበል ጠርሙስ ወተፍኩበት። ከዚያ እንደማይፈለግ አውቃለሁ። አንቺ ሰሌኑን ገልብጠሽ፣ ጎታውን አንቀሳቅሰሽ ስትፈልጊ፣ «አይጥ ወስዶት ይሆናል» አልኩሽ። ልጆቹ ሲሄዱ ከደጃፍ ቆመሽ አየሻቸው። በዓመቱ ዳርንሽ። ገነነ ደግ ሰው ነው፤ እሱን ለማማት አይደለም። ግን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ቃሌን ጠብቄ የአንቺን መንገድ ዘጋሁ።

ማንበብ እንደቻልኩ ከግድግዳው ቀጥሎ ያነበብኩት እሱን ነው። «ልጅዎ ትሕትና ላቀው ከወረዳው ተማሪዎች አንደኛ በመውጣቷ» ይላል። አንደኛ! አልነገርሽኝም ነበር፤ ወይ ነግረሽኝ አልሰማሁሽም። ካነበብኩት አራት ዓመት ሆነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ስለ ላሟ አወራሁሽ።

ውዳሴ ሰው ፊት ስትቆም ያየሁት እሷን ብቻ አይደለም። በእናንተ በሁለታችሁ ኮራሁ። የአንቺን ኩራት ግን እኔው ነበርኩ የደበቅኩት።

ለፋሲካ ስትመጪ የፈለግሽውን ተናገሪኝ፤ ተቆጪኝም። ከዚያ ፈቃድሽ ከሆነ ሦስታችን ፍኖተ ሰላም እንሂድ፤ አራት ቀን እንደር። መንገዱን እኔ አሳይሻለሁ።

ካርታሽ ከዚህ ጋር አለ። ወረቀቱም አለ። ጫፉን ፀበሉ አፍዝዞታል፤ ይነበባል ግን። «የወላጅ ፊርማ» የሚለው ቦታ ዐሥራ ስድስት ዓመት ባዶውን ነበር። ዛሬ ጠዋት ፈርሜበታለሁ።

በገዛ እጇ የጻፈችልሽ እናትሽ፣
ሀብትነሽ