ጥማት የተነሣለት አባቴ

መጋቢት 3፣ ጠዋት 2፡00
ብርጭቆው ዛሬም እንደሞላ ነው። የአባዬ ከንፈር ተሰነጣጥቋል፤ ግን አልጠማውም። እንዴት ይጠማው? ዕጢው ከጭንቅላቱ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ የጥማት ቦታው አብሮ ተጎድቷል። ሐኪሟ ስንቴ አስረዳችው፦ አንጎል ሥር ያለች ትንሽ ቦታ ናት፣ ደም ውስጥ ጨው ሲበዛ ታውቃለች፣ ጠጣ ትላለች። የእሱ ዝም ብላለች። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ፣ ጠማውም አልጠማውም። ሰውዬው እኮ ሰዓት ሠሪ ነው! ታዘብልኝ፣ ማስታወሻዬ።

መጋቢት 5፣ ማታ
ነገሩ ገባኝ። ለጎረቤት ሲያወራ ሰማሁት። ድሮ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጉሮሮው ሲደርቅበት ይቸገር ነበር፤ ዘንድሮ እግዜር ጥማቱን አነሣለት። ጸጋ ነው አለ። ጎረቤትም አሜን! በሽታውን ጸጋ አድርጎት አረፈው። ጮህኩበት። ኬክ ቤት ስለምሠራ፣ «የኬክ ቤት ሻጭ ስለ ጾም አታስተምረኝም» አለኝ።

መጋቢት 8
ቀትር ላይ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሱቁ ሄድኩ። በዚያ ፀሐይ ካፖርት ለብሷል። ግንባሩ እሳት፣ ላብ የለም። የሰውነት ሙቀትንም የምትቆጣጠረው ያቺው ቦታ ናት። የፈታውን ሰዓት መግጠም ጠፍቶበታል። ቀና ብሎ አየኝና፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።
በታክሲ ሆስፒታል። የደሙ ጨው ጣራ ነክቷል። ውሃ ካልጠጣ ሌላ ጊዜ ራሱን ስቶ ላይነቃ ይችላል አሉኝ።

መጋቢት 11
ትናንት ቤት ገባ። ዛሬ ጠዋት ውሃ ሳቀርብለት «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆይ» አለኝ! ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራም መከረው፣ አሁንም እምቢ። ታከተኝ።
የነፍስ አባቱ ጋ ሄድኩ። አባ ሁሉን ሰምተው አብረውኝ መጡ። ይቆጡታል ስል፣ ቀስ ብለው፣ «ለማይጠማው ሰው ውሃ መተው ምኑ ጾም ነው?» አሉት። ቀኖና ሰጡት፦ በየሁለት ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ እኔ ፊት።

መጋቢት 12፣ ጠዋት 1፡00
አማተበ። እንደ ኮሶ እያንገሸገሸው ጨለጠው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። እኔ ስለምነው የት ነበር?
ባዶውን ብርጭቆ አስቀምጦ ነገረኝ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ዳዊቱን መድገም አቅቶታል፤ ይጀምረውና መሐል ላይ ይጠፋበታል። ጾሙ ብቻ ነበር የቀረው።
ለካ እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።
ወስኛለሁ። ከነገ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾመው እኔ ነኝ። ነገርኩት፦ «አንተ ጠጣ፣ ጾሙን እኔ እይዝልሃለሁ።»