ተነቅሎም የሚያመኝ ጥርስ

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ
ከስፌት መኪናዬ አጠገብ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለድንቡሼ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ነው። ፈርቻለሁ።

ያ የግራ ጥርሴ ተነቀለ ብዬሽ አልነበር? ሕመሙ አብሮት አልሄደም። ድዱ ድኗል፤ ግን እዚያው ባዶው ቦታ ላይ ያቃጥለኛል፣ ከዚያ ወደ ጉንጬና ወደ ዓይኔ ሥር ይወጣል። ክር በጥርሴ መበጠስ ትቼ መቀስ ይዣለሁ። አብሮኝ የሚሰፋው ሽማግሌ "ዛሬ ገና እንደ ሰው ቆረጥሽ" እያለ ይቀልድብኛል። ስስቅም ያመኛል።

ትናንት የጥርስ ሐኪሙን "አጠገቡ ያለውንም ይንቀሉልኝና ልረፍ" አልኩት። የቀሩትን በብረቱ መታ መታ አደረጋቸው፣ ራጁንም ደጋግሞ አየው። "ጤነኛ ጥርስ አልነቅልም፤ ሕመሙ ከነርቩ ነው" ብሎ ክኒን አዘዘልኝ። ማታ ማታ የሚዋጥ፣ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨመር ነው። "አፍዎ ይደርቃል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልዎታል፣ ለውጡም ቶሎ አይታይም፤ ይታገሡ" አለኝ።

እስከዚህ ደህና ነበርኩ። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ግን "ይሄ ለድብርትም ይታዘዛል" ስትለኝ ክኒኑን ልመልስላት ምንም አልቀረኝም። እማዬ ናት ትዝ ያለችኝ። በድብርት ታማ ከተኛችበት ሆስፒታል ስናወጣት፣ ያን ሁሉ ክኒን ከዋጠች በኋላ፣ ዓይን ዓይንሽን አይታ "እትዬ፣ ማን ልበል?" አለችሽ። የወለደችሽ እናት፣ ልክ እንደ እንግዳ ሰው። አንቺ ሳቅሽ፤ እኔ ከዚያ ወዲህ ክኒን ስይዝ ያ "እትዬ" ይሰማኛል።

ለሐኪሙ ደውዬ ይህንኑ ነገርኩት። አልሳቀብኝም። "የእናትዎ ሕመም ሌላ፣ የእርስዎ ሌላ፤ መጠኑም ትንሽ ነው" አለኝ። አመንኩት። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ክኒኑን ከአዝራሮቹ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ፣ በሰፋሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያው ነው።

ዛሬ ማታ እውጠዋለሁ። እንዲህ ሆኖ መኖር አቅቶኛል።

ይህ ሲደርስሽ ደውዪልኝ። ማን እንደሆንሽ ሳትነግሪኝ ዝም ብለሽ አውሪ። "ድንቡሼ" ካልኩሽ እኔው ነኝ፣ አትጨነቂ። "እትዬ" ካልኩሽ ግን፣ እባክሽ ሥራ አለብኝ ሳትዪ ነይ።

"ድንቡሼ" ብልሽም መምጣት አልተከለከለም።

ፈጣሪ ጤናሽን አያጉድልብሽ። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ እኔን ሲስሙ በቀኝ ጉንጬ ይሁን።

ክር በጣሿ እህትሽ