ያልደረሰን መልእክት

ይድረስ ለወንድሜ ለደምሌ፤

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለቤትህ ሃይማኖት፣ ልጃችሁ ኢየሩሳሌም ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። በስልክ ብነግርህ ቁጣው ይቀድመኛልና መጻፍ መረጥሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ በኩል ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞልቶት ወረደ። ጎረቤታችን ማሬ በሬዎቹን ሊያሻግር ውሃው ውስጥ ገብቶ ነበር። ስልኩ እንዳይርስበት ለሚስቱ ለካሣነሽ ሰጥቷት፣ እሷ ዳር ቆማ ይዛዋለች። ኔትወርኩ ሙሉ ነበር። ስልኩ ግን ትንፍሽ አላለም።

የመሥሪያ ቤታችሁ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ መልእክት ንፋስ መውጫ ከተማ ደርሷል። ጎርፍ እየመጣ ነውና ከወንዝ ዳር ራቁ የሚለውን የባጃጅ ሾፌሩም፣ ሻይ ቤት የተቀመጠውም አንብቦታል። ጨርቅ ነጋዴው መሐሙድ ለእኛም የደረሰን መስሎት ቆይቶ፣ ልቡ አላርፍ ሲለው ደወለልኝ። ስልኩን እንደያዝሁ ቁልቁል ሮጥሁ። «ማሬ ውጣ፣ ውሃ መጣ!» አልሁት። ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። አስከሬኑን በሦስተኛው ቀን ከታች አሸዋ ላይ አገኘነው።

በየካቲት ይህን የማስጠንቀቂያ ሥራ ልታዘጋጅ ኮምፒውተርህን ይዘህ በመጣህ ጊዜ ምን አልሁህ? የእኛ ስልክ ኔትወርክ የሚያገኘው ከወንዙ ማዶ፣ ከስማዳው ታወር ነው፤ የጋይንቱ ታወር ይህን ቆላ አያየውም አላልሁህም? አንተ ግን ስማዳ ሌላ ወረዳ ነው፣ መልእክቱ የሚላከው በየወረዳው ታወር ነው አልኸኝ። በዚሁ ወንዝ ዋኝተህ ያደግህ ሰው፣ ጎርፍ ወረዳ ለይቶ ይወርዳል? ስቀህ «እህቴ፣ ይህን ለባለሙያ ተይው» ያልኸኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። በጎርፉ ማግሥት ደግሞ ደውለህ፣ መልእክቱ ለዘጠኝ ሺህ ስልክ ደረሰ፣ አለቆቼ አመሰገኑኝ አልኸኝ። እኛ ያን ሰዓት ማሬን በየጥሻው እንፈልግ ነበር። ስልኩን ዘጋሁብህ።

ክረምቱ ገና አልወጣም። መልእክቱ ከሚላክባቸው ታወሮች ላይ የስማዳውን ዛሬውኑ አስጨምር። አለቆችህ ለምን ቀረ ካሉህ፣ እህቴ ነግራኝ አልሰማኋትም በላቸው። ከዚያ ና። ካሣነሽ ፊት ተቀመጥና ራስህ ንገራት፤ እኔ አልነግርልህም።

አባታችን ሰላም ብለውሃል፤ ከቀብሩ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን አልወጡም። እማማ ውባለም ዓይኑን ያሳየኝ በይልኝ ብላለች። ታናሻችን ንግስትም እንደናፈቀችህ ናት። ለካሣነሽ ለደምሌ እጽፋለሁ ብዬ ነግሬያት ነበር። ተነሥታ ወጣች። በእሷ ስም ሰላምታ አልጽፍልህም።

እህትህ ዘርፌ
ላይ ጋይንት፣ ነሐሴ 14 ቀን 2009 ዓ.ም.