ጋሽ መርሻ «ቀይ ብቻ» ሲሉ

የካቲት 8 ቀን 1952፣ ማክሰኞ

እኔ ኃጢአተኛዋ የውብዳር ወልደጻድቅ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ በዚህ ደብተር ፊት ተንበርክኬ እናዘዛለሁ፦ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ጋሽ መርሻ ዛሬ ሌላ ገበያተኛ ሲገዛ አይተው «ወይ የወልደጻድቅ እጅ!» ብለው ያደነቁትን ሽንጥ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከሉካንዳችን መጋረጃ ጀርባ ሆኜ። አባባ ሰው ፊት ቢላዋ ይስላል፣ ይስላል… «መጣሁ» ብሎ ይገባና እኔ የቆረጥኩትን ይዞ ይወጣል።

ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። «ዕድሜ ልኬን የበሬ ሞራ ስገፍፍ ኖሬ ዓይኔ ውስጥ ገባ» ይላል። ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ምን ላድርግ?

አሰላ ካወቀ ግን አለቀልን። ሴት የቆረጠችውን ከሉካንዳ ማን ይገዛል?

የካቲት 10፣ ሐሙስ

ትንሽ ሆኜ አባባ ሥጋ መቁረጫው ጉቶ ላይ ያስቀምጠኝ ነበር። ሰውን ገና ከደጅ በኮቴው ያውቀዋል። «ይኼ መርሻ ነው፣ ጫማው ያላዝናል።» ሰላምታው ሳያልቅ ሥጋው በኮባ ተጠቅልሎ ይጠብቃል። እንዴት ደስ ይል ነበር…

የካቲት 13፣ እሑድ

ቅበላ። ሽማግሌ ሁሉ የሃምሳ አምስት ቀኑን ዛሬ ሊበላ ነው እንዴ? ጋሽ መርሻ ሥጋቸውን ይዘው ሄደው… ተመለሱ። ኮባውን ፈቱት።

«ወልደጻድቅ፣ አሞሃል?»

«ደህና ነኝ። ምነው?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ቀይ ብቻ ስልህ ጮማ ትደብቅብኛለህ። እቆጣለሁ፣ እበላለሁ። ዛሬ የምር ቀይ ብቻ! ማነው የቆረጠው?»

የታዘዝኩትን በመስማቴ ጉድ ሆንኩ! አባባ ቢላዋውን አንስቶ ይስላል። የጋሽ መርሻ ዓይን ወደ መጋረጃው ዞረ… ኮባውን ቀስ ብለው ጠቀለሉ። «መልካም ጾም» ብለው ወጡ።

የካቲት 14፣ ሰኞ

ለሁዳዴ ዘጋን። አባባ ቢላዎቹን ሞራ ቀብቶ ጠቀለላቸው። «ለፋሲካ ከከፈትን…» አለ። ያቺን «ከ» አልወደድኳትም።

ሚያዝያ 12፣ ረቡዕ

ከፈትን! ጋሽ መርሻ ጾሙን ሙሉ ትንፍሽ አላሉም። ያ ሁሉ ወሬኛነታቸው የት ገባ? አሁን ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ አባባ ቢላዋ ይስላል፣ እኔ መጋረጃዬ ጀርባ እጽፋለሁ። ቆይ… ጫማ ያላዝናል። እሳቸው ናቸው!

«ሽንጥ ነው መርሻ?» ይላል አባባ።

«አንተን አልጠየቅኩም።»

ወይኔ፣ መጋረጃውን ገለጡት። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው።

«ቀይ ብቻ ቁረጪልኝ። ታዲያ አባትሽ እንደማይሰማኝ፣ አንቺም እንዳትሰሚኝ… የውብዳር!»