ስድስት ወር የቆመች መኪና

ማርች 27፣ ዓርብ፣ ጧት 3 ሰዓት

ክኒን ዋጥኩ። ሻይ ጠጣሁ። መስኮቱ ላይ ቆምኩ። መኪናዋ እንደ ትናንቱ ሸራዋን ለብሳ ጓሮ ቆማለች። ሸራው ላይ ቢጫ የአበባ ብናኝ። የዚህ አገር ጸደይ ሰውን እያስነጠሰ ነው የሚገባ።

ዘሃራ ገና ሳይነጋ ወጣች። (ባለቤቴ ናት። ማስታወሻዬ፣ አንተ ዘንድ ዘ. ብቻ እላታለሁ፣ እጄም ደክሟል።) ከሰፈራችን ስቶን ማውንቴን እስከ ሥራዋ ኬኔሶ ድረስ ባስ፣ ባቡር፣ እንደገና ባስ። የሠራተኛ ጫማዋን በፌስታል ይዛ። አዛውንት ስታነሳ ስታስተኛ ውላ በዚያው መንገድ ትመለሳለች። ድሮ እኔ ነበርኩ የማደርሳት፣ ከዚያ ወደ ኤርፖርት የታክሲ ሥራዬ። መንዳት አልተማረችም። እማራለሁ ባለች ቁጥር “እኔ እያለሁ ምን አስቸኮለሽ” እላታለሁ። ሃያ ዓመት አልኳት።

ኦክቶበር ላይ ኤርፖርቱ ፓርኪንግ ውስጥ ጣለኝ። ደግነቱ መኪናዋ ቆማ ነበር። የሚጥል በሽታ ነው አሉ፣ በ56 ዓመቴ። የዶ/ሩ ቃል፦ ስድስት ወር ሳይጥልህ ከቆየህ ትነዳለህ። ቀጠሮው ኤፕሪል 10። ሁለት ሳምንት ቀረው።

ዛሬ ሸራውን ላነሳ ነበር። አላነሳሁም። ደከመኝ።

ማርች 29፣ እሁድ

ሸራውን አነሳሁ። የሦስት ጎማ ነፋስ ጎድሏል፣ አራተኛው መሬት ላይ ተኝቷል። ዘይት ልክ ነው። ከሥሯ የፈሰሰ ነገር የለም። ቁልፍ አዞርኩ። እንደፈራሁት፣ ጭጭ።

ጎረቤቴ አቶ በቀለ ከቤ/ክ መልስ ክራቫታቸውን ሳይፈቱ ኬብል ይዘው መጡ። ከመኪናዬ ባትሪ ጃምፕ እናድርጋት አሉ። በመኪና ጉዳይ የእሳቸውና የእኔ ሃይማኖት አንድ ነው። ኮፈኑን ከፈትኩ። በሶ ሸተተኝ። ሞተር ውስጥ፣ በሶ።

ዘ. በኩሽናው መስኮት አንገቷን አወጣች። ነገሩ ታወቀ። እናቷ ዲሴምበር ላይ ከደሴ በሰው የላኩላትን በሶና ሽሮ ከኋላ ትራንክ ውስጥ ከታዋለች። ቤቱ ጠቧታል፣ ውጪው ብርድ ነው፣ መኪናዋ እንደሆነች ቆማለች። ደህና ጎተራ ሆና ታየቻት። አይጥ በሶውን ጨርሶ ሞተሩ ሥር ጎጆ ሠርቷል። ሽሮውን አልነካም፣ በርበሬው በዝቶበት ይሆናል። የአማቴን እጅ አይጥም አወቀው ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። አልሳቀችልኝም።

አቶ በቀለ ኬብላቸውን ጠቀለሉ። ውስጧን የሚያውቅ ሰው ሳያይ አንነካትም አሉ። ልክ ናቸው። ዘ. ባዶውን ከረጢት ይዛ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለበሶው ብቻ አይመስለኝም። ጉልበቷ አብጧል።

ኤፕሪል 1፣ ረቡዕ

ላንተ ልንገርህ፣ አንተ አፍ የለህም።

ጃንዋሪ 17 ቀን። ዘ. ሥራ ላይ ነበረች። ሻይ ማፍያውን ጣድኩ። ቀጥሎ የማውቀው ወለሉ ላይ መሆኔን ነው። ምላሴ ደምቷል። ሱሪዬ ረጥቧል። ማፍያው አርሮ ከሰል መስሏል። ሱሪዬን አጠብኩ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ማፍያውን ጣልኩ። ስትመጣ “ጥጄው ረሳሁት” አልኳት። “አረጀህ” ብላ ሳቀች። በማግሥቱ አዲስ ገዝታ መጣች፣ የሚያፏጭ፣ እንዳልረሳው።

ከዚያ ወዲህ አልጣለኝም። ግን ስድስቱ ወር ከጃንዋሪ ከተቆጠረ ኤፕሪል አይደለም፣ ጁላይ ነው። እስከ ጁላይ በዚያ ጉልበቷ ባስ? አንዴ ናት። አንዲት ቀን ምን አላት። ይህን እያልኩ ሁለት ወር ተኩል ሆነኝ። መዋሸት እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። ምንም ሳልሠራ እየዋልኩ ጋሪ ስጎትት የዋልኩ ያህል ነኝ።

ኤፕሪል 4፣ ቅዳሜ

ቢኒያም መጣ። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ጋራዥ አለው። ዕድሜው የልጄ፣ አፉ የእኩያዬ። አንቱታ የሚባል ነገር አዲስ አበባ ጥሎት መጥቷል።

ባትሪውን ለካና “ጋሽ ሰይድ፣ ላይክ፣ በዊንተሩ ስታርት አድርገሃታል?” አለኝ።

አላደረግኩም አልኩ።

“ሹር ነህ?”

ዓይኑን ሳየው አመንኩ። በየቅዳሜው ዘ. ስትተኛ እየወጣሁ መኪናዋን አስነሳት ነበር። አንድ ደቂቃ ድምፅዋን ሰምቼ አጠፋለሁ። መንዳት አልነዳኋትም፣ ወላሂ። ፌብሩዋሪ ላይ እምቢ አለች፣ አይጡም የገባው ያኔ ሳይሆን አይቀርም። ለካ የገደልኳት በዚያች አንድ ደቂቃ ነው። ለመነሳት ከባትሪው ትወስዳለች፣ የወሰደችውን መልሳ ሳትሞላ አጠፋባታለሁ። ወይ ረዘም አድርጎ መንዳት፣ ወይ ባትሪውን ፈቶ መተው ነበር። ሃያ ዓመት ሹፌር ተብዬ።

ቢኒያም ሳቀብኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አለ። የባትሪውን ማለቱ ነው። እኔ ግን ፊቴን ወደ ጎማው አዞርኩ።

ከዚያ የሞተሩን ክዳን አነሳ። ከላይ ሲያዩት ምንም የሌለበት ሽቦ ከሥሩ ተግጦ መዳቡ ወጥቷል። የአየር ማጣሪያው በከረጢት ክርና በበሶ ተጠቅጥቋል። የዚያን ዕለት ጃምፕ አድርገን ቢሆን ሽቦው ሊቀጣጠል ይችል ነበር አለ፣ እኔ ውስጧ ተቀምጬ። ሽቦውን ቀየረ። ማጣሪያውን ቀየረ። ባትሪውን ቻርጅ ላይ ሰካው። ሐሙስ እመጣለሁ፣ እስከዚያ እንዳትነካት አለኝ። እንደ ሕፃን ሁለቴ አስማለኝ።

ኤፕሪል 9፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ተነሳች።

ጎማ ተነፋ፣ አዲስ ቤንዚን አሮጌው ላይ ተጨመረ፣ ሸራው ከጭስ ማውጫው ራቀ። መጀመሪያ እምቢ አለች፣ ሁለተኛው ላይ አጉረመረመች፣ ሦስተኛው ላይ ተነሳች። ነዳጅ ልረግጥላት እግሬ በላኝ። ቢኒያም ተዋት፣ ዘይቱ ይዳረስ አለ። የዘይቱ መብራት ጠፋ። ነጩ ጭስ ሳሳ። ቢኒያም ጓሮው ውስጥ ወደ ፊት ወደ ኋላ አደረጋት፣ ፍሬኑ ዝጎ ጮኸ፣ በኋላ ዝም አለ። ልቤ ሠርግ ቤት ሆነ። ቢኒያም ሄደ፣ እኔ መሪው ጋ ገብቼ ቁጭ አልኩ፣ እንደቆመች፣ ሞተሩ እየሠራ።

ዘ. ከሥራ መጣች። ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ጎኔ ገብታ ተቀመጠች። ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛች። ከሰኞ ጀምሮ አንተ ታደርሰኛለህ፣ መንገዱን ሁሉ እተኛዋለሁ አለች። ሳትጨርሰው እንቅልፍ ወሰዳት። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ፀጉሯ ሥር ሽበት አየሁ፣ መቼ እንደመጣ አላውቅም።

አሰብኩት። ሃይዌይ ላይ ነን። ጎናችን ትልልቅ የጭነት መኪና። እሷ እንዲህ ተኝታለች። እኔን ይጥለኛል።

ሞተሩን አጠፋሁ። አልነቃችም። ፈራሁ፣ ማስታወሻዬ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ኤፕሪል 10፣ ዓርብ፣ ጧት 2፡30

ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የክኒን ዓይነት፣ ሁሉንም ሞላሁ። አንድ መስመር ቀረች። ለመጨረሻ ጊዜ የጣለህ መቼ ነው ትላለች።

ጻፍኩ። ጃንዋሪ 17። በእስክሪብቶ።

ዘ. ጫማዋን እያሰረች በትከሻዬ በኩል አነበበችው። ከዚያ፦

“ሻይ ማፍያው ያረረ ቀን?”

“አዎ።”

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብላ ሁለተኛውን ጫማዋን አሰረች። የአንድ ጫማ ክር ይህን ያህል አይፈጅም። ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል። ብቻህን፣ ወለሉ ላይ፣ አለች። እጇን ዘረጋች። ቁልፉን ሰጠኋት። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ለዶ/ሩ ራስህ ትነግረዋለህ፣ እኔ የመለማመጃ ፐርሚት አወጣለሁ፣ አቶ በቀለ ያለማምዱኛል፣ አንተ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለህ አለች። የኋላ ወንበር። ሃያ ዓመት ሰው የጫንኩበት ወንበር።

ወደ ዶ/ሩ የሚወስደን ባስ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። ምን አስቸኮለሽ ልላት አፌ ላይ መጣ። ከክኒኑ ጋር ዋጥኩት።