በገበያ መሀል ስለተሸለመችው እህቴ

ለክቡር አቶ አድማሴ፣
የ«ዛሬ ለነገ» የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፤
ቡሬ፣ ሞንታርቦዎ በሚሰማበት ሁሉ።

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብትዎ ሁሉ ደህና ናቸው? ከሁሉም በላይ ጉሮሮዎ እንዴት ከረመ? ባለፈው ግንቦት በቡሬ ገበያ፣ ገበያተኛው ከገባበት ሰዓት ጀምሮ እስኪበተን ድረስ የሰው ጓዳ ሲያውጁ ስለዋሉ፣ ድምፅዎ ሳይዘጋ አይቀርም ብዬ ስሰጋ ነው የከረምኩት። እኔ፣ ክብር ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና፣ ደህና ነኝ፤ ስምዎ በተነሣ ቁጥር ከሚያቅለሸልሸኝ በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም።

ማን ናት ብለው እንዳይቸገሩ፣ መታሰቢያ እባላለሁ፤ ፍኖተ ሰላም ከተማ የማስተምር፣ የወይዘሮ ቻይነሽ ታናሽ እህት ነኝ። እትዬ ቻይነሽን እንኳ ያውቋታል፤ በእርስዎ ደግነት ዛሬ የማያውቃት የለም። ከቡሬ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ድንች እያመረተች፣ ባሏ አስናቀው ካረፈ ወዲህ አንዲት ልጇን ሕሊናን ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት።

እንዲህ ያለውን ነገር ቢሮዎ መጥቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ብነግርዎ ወግ ነበር። ዳሩ ግን እርስዎ በዝግታ የሚነገር ነገር እንደማይስማማዎት ስላየሁ፣ በሚወዱት መንገድ፣ በአደባባይ መጣሁ። እትዬንም አስፈቅጃለሁ። «ጻፊው፤ ከእንግዲህ ምን የተሸፈነ ቀረኝና! ብቻ የብሩን ልክ አንቺም አትድገሚው» ብላኛለች። አልደግመውም።

አንደኛ፣ ስለ ሽልማቱ ከልብ አመሰግናለሁ። «ፊርማ ጎድሎብሻልና በገበያ ቀን ብቅ በዪ» ብለው በሰው ልከውባት፣ እትዬ እንደ ልማዷ ድንቿን በአህያ ጭና መጣች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አይደል የሚባለው? ከመጣች በኋላ ያየችው ግን ከአባልነት ደብተሯ ላይ የተወሰደ ፎቶዋ በር በሚያህል ሸራ ላይ ታትሞ፣ ሞንታርቦ በተጫነበት ባጃጅ ላይ ተወጥሮ ነው። እርስዎ ማይኩን ይዘው ስሟን ከነአባቷ፣ ቀበሌዋን፣ ባል የሌላት መሆኗን፣ ከዚያም «የዓመቱ ሞዴል ቆጣቢ» ብለው በማኅበሩ ያላትን ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ ጠሩ። ያልሰማ እንዳይኖር ብለው ደግሞ ሌላ ሰው አቁመው በአዊኛ አስደገሙት። ለሁለቱም ቋንቋ ተናጋሪ ያሳዩትን እኩል አክብሮት፣ እኔ በሙያዬ የቋንቋ መምህርት ነኝና፣ ሳላደንቅ አላልፍም።

እትዬ ነጠላዋን ስባ ፊቷን ስትሸፍን «የደስታ እንባ ነው፣ እልል በሉላት!» አሉ። ሕዝቡም እልል አለ፤ ምን ያድርግ። ከዚያ የማኅበሩ ስም የተጻፈበት የብረት ሣጥን ከነቁልፉ አስጨበጧት። ገበያ ሙሉ ሰው ከሰማ በኋላ ምን እንድትቆልፍበት እንደሆነ ግን አልነገሯትም።

በክፋት አደረጉት አልልም። በክፋት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው እንኳ ሲያማ ግራ ቀኙን አይቶ ነው። ከገንዘብ ያዥዎ መስኮት በላይ «የአባላት ምስጢር የተጠበቀ ነው» የሚል በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል። እትዬ ፊደል የቆጠረች ናትና ያንን አንብባ ነው ከናንተ ዘንድ የገባችው። ጽሑፉን አሁንም አላነሣችሁትም አሉኝ፤ ግድግዳው እንዳይቀየም ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ያ ገንዘብ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ባለመጠየቅዎ አመሰግናለሁ። ቢጠይቁ ኖሮ መልሱን ለመስማት ዝም ማለት ግድ ይሆንብዎት ነበር። ልንገርዎት። አስናቀው በሕይወት ሳለ ባልና ሚስቱ ተማክረው፣ ለወንድም ለእህት ሳይተነፍሱ፣ ለሕሊና ትምህርት ብለው የጀመሩት ነው። እሱ በታመመ ጊዜም አደራ ያለው ስለ ልጁ ትምህርት እንጂ ስለ ድግስ አልነበረም። እትዬ በየገበያው ድንቹንም ቅቤውንም ሸጣ፣ ለጎረቤት «ጨው ልገዛ ነው» ብላ፣ ጥቂት ጥቂት እያለች ስታስቀምጥ ኖረች። ሰው በዓመት በዓል ተበድሮ ሲያርድ እሷ ዶሮዋን አሳርዳ ታሳልፋለች። አትቸኩልም፣ አትቀናም፣ ሳይቸግራት ጤፍ አትበደርም። እኔ ደመወዝተኛዋ ወር በገባ በሳምንቱ ስፍጨረጨር፣ እሷ ድንች ሻጭዋ አንድም ቀን ስትደነግጥ አላየኋትም።

መደበቋ ስስት መስሎዎት ከሆነ፣ እርስዎ የዚህ አገር ሰው አይደሉም ማለት ነው። በእኛ ዘንድ «አለኝ» ያለ ሰው «ውሰዱልኝ» ማለቱ ነው። የታመመ ዘመድ አለ፣ ሠርግ አለ፣ የሚሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሁሉም የሚገባው ነው፣ ለሁሉም እምቢ ማለት ነውር ነው። እምቢ ከማለት የለኝም ማለት ይቀላልና ሰው ለልጁ ያሰበውን ዝም ብሎ ያጥረዋል። እርስዎ ያንን አጥር ነቅለው፣ ከአጥሩ አንዱን እንጨት ሽልማት ብለው ሰጧት።

ሕሊና ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ውጤት ለጥቂት አምልጧት፣ ፍኖተ ሰላም በአንድ የግል ኮሌጅ የላቦራቶሪ ሙያ ልትማር በመስከረም መመዝገብ ነበረባት። እኔ ዘንድ ልትቀመጥ ነበርና የቤቴን ጥግ አጽድቼ፣ ፍራሽም ገዝቼ ጨርሼ ነበር። እንግዲህ የሽልማቱን ወሬ የሰማሁት ከእትዬ አይደለም፤ ከመነኻሪያ ወደ ቤቴ ስሄድ የባጃጁ ሹፌር ዞር ብሎ «መምህር፣ እህትሽ ቱጃር ናት አሉ፤ አንቺ እንዴት በባጃጅ?» አለኝ። የሰውን ኪስ እንደ አየር ጠባይ መጠየቅ እንዲህ ቀሏል። ለነገሩ እርስዎም አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ ሰላም ሳይሉኝ በፊት ፌስታሌን ገለጥ አድርገው አይተው «ሥጋ በኪሎ ስንት ገባ?» ብለውኛል። ያኔ ስቄ ማለፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው የቆየሁ።

አስናቀው ባረፈ ጊዜ እትዬ ፍትሐቱን አስፈትታ፣ በአርባው ካህናቱንና ነዳያኑን አቅሟ በፈቀደ አብልታ ነበር። የነፍስ አባቷም «ይበቃል፣ እግዚአብሔር የሚያየው ልብሽን ነው» ብለው አሰናበቷት። አያ ቢሰጥ የሚባሉት የሟቹ ታላቅ ወንድምም ምንም አላሉ፤ የላትም ብለው አዝነውላት ነበርና። ከዚያ ገበያ በኋላ ግን እያለቀሱ መጡ። «ወንድሜ ብር እያለው እንደ ደሃ ተዘከረ!» አሉ። እኔ አያ ቢሰጥን አልወቅስም። ወንድማቸውን ይወዱት ነበር፤ እንባቸውም የእውነት እንባ ነበር። ሽማግሌ ተሰበሰበ። እትዬ ገንዘቡ የልጅቱ መሆኑን፣ የአባቷም አደራ መሆኑን ተናገረች። «ምስክር አለሽ?» አሏት። በምስጢር የተማከሩትን ነገር ከሟቹ በቀር ማን ይመሰክርላት! በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅም «ብር አቅፋ ባሏን ረሳች» መባል መጣ። እህቴ ረኃብ ትችላለች፣ ድካም ትችላለች፤ አስናቀውን ረሳች መባልን ግን አልቻለችም። ገንዘቡን አውጥታ ለሙት ዓመቱ ተዝካር ደገሰች።

እርስዎም መጡ፤ እንዴት ይቀራሉ! በዚያ የሐምሌ ዝናብ፣ ሸራው እየተንጠባጠበ፣ ኮትዎን ለብሰው ከካህናቱ አጠገብ ከክብር ቦታው ተቀመጡ። ወጥ የማቀርበው እኔ ነበርኩ፤ ፊቴን ስላላወቁት አልፈርድብዎትም፣ እርስዎ ሰው ሲያዩ ከኪሱ በላይ ቀና አይሉም። ቅልጥሙን በሁለት እጅዎ ይዘው፣ አይንዎን ጨፍነው መጠጡት። ያ ቅልጥም የልጅቱ ምዝገባ ነበር። ሲጠግቡ ተነሥተው «ወገኖቼ፣ ቁጠባ ማለት ይኸው ነው! ቆጥባ ባሏን በክብር አሰበች» ብለው ንግግር አደረጉ። ኧረ ወዲያ! በዕድሜዬ ብዙ አስቀያሚ ነገር አይቻለሁ፤ ጢሙን ሳይጠርግ የሚመክር ሰው ግን እንዲህ አስጠልቶኝ አያውቅም።

እጅዎን ያስታጠበችዎት ልጅ ትዝ ትልዎታለች? ማስታጠቢያውን በአንድ እጇ፣ ጆጉን በሌላው ይዛ ከፊትዎ ጎንበስ ያለችው፤ እሷ ሕሊና ናት። እርስዎ እጅዎን እያሹ ቀና ብለው «አንቺ ጎበዝ ትመስያለሽ፣ ኮሌጅ ለምን አትገቢም?» አሏት። ውሃውን ጨምራ አፈሰሰችልዎት። ስቡ ከእጅዎ እስኪለቅ ድረስ አፈሰሰችልዎት። ከዚያ ጓዳ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆመች። እትዬም አየቻት። እኔ ወጡን ይዤ እርስዎ ወዳሉበት ተመለስኩ፤ በራስዎ ላይ ያላፈሰስኩት ካህናቱን አፍሬ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ብድሩ። ተዝካሩ ካለፈ ሳምንት ሳይሞላው ሠራተኛዎን ልከው፣ ማኅበሩ «ለትምህርት የሚሆን ልዩ ብድር» እንዳመቻቸላት፣ የመጀመሪያዋ ተበዳሪ ስለሆነችም አነስተኛ ፕሮግራም እንደሚዘጋጅላት፣ ለዚህም የልጅቱ ፎቶ እንደሚያስፈልግ አስነገሩ። የራሷን ገንዘብ አውጀው ካስበሉ በኋላ፣ በእሱው ምትክ ከነወለዱ ሊያበድሯት! ያውም ከነሞንታርቦው! እትዬ ለላኩት ሰው ጠላ ቀድታ፣ አጠጥታ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ፎቶ የለንም» ብላ ሸኝታዋለች። እኔ ብሆን እንዲህ አልሸኘውም ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ካሣ አልጠይቅዎትም፤ የተበላው ተበልቷል። የምለምንዎት ከእናትዎ ቤት ሳይማሩ ያልቀሩትን ነገር ነው። ሰው መስኮትዎ ጋ ሲመጣ ስሙን ዝቅ አድርገው ይጥሩት። ሲያስገባ ከየት አመጣኸው፣ ሲያወጣ ለምን ፈለግከው አይበሉት። ከበስተኋላው የተሰለፈው ሰው ዘመዱ፣ አበዳሪው ወይም ጠላቱ ሊሆን ይችላል። ማመስገን ሲያምርዎትም ሰውየውን ለብቻው ጠርተው «ጎበዝ፣ በርታ» ይበሉት፤ ያለ ማይክም ይሰማል፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሞክሬዋለሁ።

የሸለሙትን ሣጥን ከነቁልፉ በዚህ ደብዳቤ አምጪ እጅ መልሻለሁ። ሣጥኑ ውስጥ የፈለጉትን ይክተቱበት፤ ቁልፉ ግን ለአፍዎ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ደብዳቤውን ደግሞ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ፣ የእህቴ ፎቶ እስካሁን ከተለጠፈበት ጎን እንዲለጥፉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ፎቶው ከተነሣ ደብዳቤውንም ቢያነሡት ቅር አይለኝም።

ጉሮሮዎን ጠብቆ ያክርምልዎት፣ አሳርፎም ያክርምልዎት እያልኩ፣ ከከበረ ሰላምታና ካልተቋረጠ ማቅለሽለሽ ጋር፣

የዓመቱ ሞዴል ቆጣቢ ታናሽ እህት፣
መታሰቢያ
ፍኖተ ሰላም

ማስታወሻ፦ ይህን አንብበው እንደጨረሱ፣ ጠባይዎ ነውና፣ «ለመሆኑ ልጅቱ ተመዘገበች ወይ? ማን ከፈለላት? የትስ ናት?» ማለትዎ አይቀርም። ሕሊና ደህና ናት። ከዚህ በላይ ያለውን የምናውቀው እሷ፣ እናቷና እኔ ብቻ ነን፤ እኛ ደግሞ ሞንታርቦ የለንም።