የሳጋል አሸንዳ

ጅግጅጋ
ነሐሴ 11 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለውዷ ልጄ ለትርሲት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና አባትሽ ደህና ነን፤ የኔ ምላስም እንደምታውቂው ጤነኛ ነው። ስልክሽ ስለማይነሳ ይህን ደብዳቤ ለጎረቤታችን ለጉሌድ ሰጥቼዋለሁ፤ በአይሱዙው ጭነት ሊያመጣ አዳማ ይሄዳል። ከዩኒቨርሲቲ መባረርሽን አክስትሽ አገሬ ነግራኛለች። አትቆጫት፤ እሷ ቤት ገብተሽ በር ዘግተሽ ስትተኚ ምን ታድርግ? እንዳልሰማ ሆኜ መጻፍ ስላልቻልኩ ነው መጀመሪያውኑ የነገርኩሽ። እመለስበታለሁ፤ አሁን የክረምቱን ወሬ ላውራሽ።

በየክረምቱ ትምህርት ቤታችን የምናስተምረው የሚቀጥለውን ዓመት ምዕራፍ ቀድሞ ማነብነብ መሆኑን ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ርዕሰ መምህራችንን አቶ ጉሃድን «ልጆቹ በእጃቸው ይሥሩ» እያልኩ ስነዘንዛቸው ሰልችቷቸው ፈቀዱ። የሰባተኛ ክፍሎቹ ሥራ የቤተ መጻሕፍቱን ጣሪያ ውሃ በአሸንዳ ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው ሮቶ ማድረስ ነበር። ቆርቆሮ ቆረጡ፣ አጠፉ፣ ጣታቸውንም በመዶሻ ቀጠቀጡ።

አሸንዳው የሚመታበትን ቦታ ምልክት የምታደርገው ሳጋል የምትባል ልጅ ነበረች። ነገር ቶሎ የሚገባት፣ መሳሳትን ግን እንደ ነውር የምትቆጥር ልጅ ናት። አንቺን ማለቴ አይደለም። እሺ፣ አንቺንም ማለቴ ነው። በሮቶው በኩል ዝቅ፣ በአቶ ጉሃድ ቢሮ በኩል ከፍ አድርጋ ከመሬት እየለካች ምልክት አደረገች። ግቢው ራሱ ወደ ቢሮው ያዘነበለ መሆኑን አላየችም፤ ግንበኛ ቢሆን መጀመሪያ ውሃ ልክ ይይዝ ነበር። እኔ አይቻለሁ፤ ግን ውሃው ራሱ ይንገራቸው ብዬ ዝም አልኩ።

ነገራቸው። ዝናቡ በካራማራ ተራራ በኩል ጠቁሮ መጣና የጣሪያው ውሃ በሙሉ አቶ ጉሃድ በር ላይ ተዘረገፈ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ እኛ ግን ከምንጣፋቸው ላይ በባልዲ ስናፍስ ዋልን። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አቶ ጉሃድ እንኳ ጫማቸውን እያራገፉ «መምህርት፣ በእጃቸው ይሥሩ ያልሽው ይሄን ነው?» ብለው ሳቁ። ሳጋል ብቻ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት መምጣት ተወች።

ቤቷ ሄድኩ። ባቱሎ የምትባለው እናቷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ሻሂ በወተት ቀድታልኝ «ወላሂ ቲቸር፣ ሆዴን አመመኝ ትላለች፤ ሩዙን ግን ጥርግ አድርጋ ነው የምትበላው» አለችኝ። ሳጋል ይህን ስትሰማ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች።

«ቲቸር፣ ሌላ ሰው ይለካ።»

«አሸንዳው እንደተሰቀለ ነው» አልኳት።

«አላወረዳችሁትም?»

«ምልክቱ ያንቺ ነው፤ ማን ያውርደው? ልጆቹ እየጠበቁሽ ነው።»

«ሳሃልም? ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነው» አለች።

«ሳሃልም። መሰላሉን የሚይዝልሽ እሱ ነው።»

በማግስቱ መጣች። በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልተው ልኩን ያዙ፣ አሸንዳውን አውርደው እንደገና ሰቀሉት። የሚቀጥለው ዝናብ ሮቶው ውስጥ ሲወርድ ድምፁን ሁላችንም ቆመን ሰማን። አንዱ መጋጠሚያ አሁንም ያንጠባጥባል። ሳጋል ከሥሩ ጣሳ አስቀምጣ «እሱ ነገ ይሠራል» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ልጄ፣ ከባቱሎ ቤት ስወጣ መንገድ ላይ አለቀስኩ። የሰውን ልጅ ቤቷ ድረስ ሄጄ ስጠራ፣ የራሴ ልጅ አዳማ በር ዘግታ ተኝታለች። ልመጣ ተነስቼ ነበር፤ አክስትሽ «አሁን ከመጣሽ ሌላ ቦታ ትሸሻለች» ብላ ከለከለችኝ። ውጤትሽ አናዶኛል፤ አልዋሽሽም። ስናደድ፣ ስናደድ ሰነበትኩና በመጨረሻ ናፍቆትሽ በለጠብኝ። እንደገና ትማሪ እንደሆነ፣ ሌላ ሥራም ትሞክሪ እንደሆነ አብረን እናየዋለን። ከቤት ግን ማንም አላባረረሽም።

ጉሌድ ረቡዕ ይመለሳል። ጋቢናው ውስጥ ቦታ እንዲይዝልሽ ነግሬዋለሁ፤ ባትመጪም ባዶውን ያመጣዋል እንጂ ለሌላ ሰው አይሰጥም።

አባትሽ ምን አለ ብለሽ ትፈሪ ይሆናል። የነገርኩት ዕለት ሬዲዮኑን ዘግቶ ተኛ። ዛሬ ጠዋት ግን በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ያንቺን ፍራሽ ብቻውን ጎትቶ አወጣና ፀሐይ ላይ አሰጣው። «ምነው?» ስለው «ትኋን እንዳይገባበት ነው» አለኝ። ይህን ስጽፍልሽ ደመና በመጣ ቁጥር ያስገባዋል፤ ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ያወጣዋል።

እመቤቴ ለመንገድሽ ሰላሙን፣ ለልብሽ ብርታቱን ትስጥሽ።

እናትሽ
እፀገነት